ከምድር በታች ስለሚኖሩ ተሳቢ እንስሳትና ደንጊያ ስለ ሆነው ዐፅማቸው

በክረምት መግቢያ ማሳ በሚታረስበት ጊዜ፥ ወይም ለቤት መሠረት ምድር በሚቈፈርበት ጊዜ፥ ከጓሉ መካከል ትል የሚመስል ነገር ግን ትል ያልሆነ፥ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የሚያህል ቀጭን ፍጥረት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። ቆዳው እንደ ተወለወለ ናስ ያበራል፤ ራሱና ጅራቱ ተመሳሳይ ስለ ሆኑ የትኛው ፊት የትኛው ኋላ እንደ ሆነ ቶሎ አይታወቅም። ያየው ሰው ሁሉ በዶማ ይመታዋል። እኔም በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ዳዊት የምንደግምበትን ዳስ ለመትከል ከባልንጀሮቼ ጋራ ጕድጓድ ስንቈፍር አንዱን አግኝተን በደንጊያ ቀጠቀጥነው። አንድ ሽማግሌም «ሁለት ራስ ያለው ነውና በወዲያኛውም ይነክሳል» ብለው ስለ ነገሩን፥ ከሞተ በኋላ እንኳ ሁለቱንም ጫፍ ስንመታ ብዙ ደከምን። ዛሬ ሳስበው ያ ፍጥረት ማንንም የማይጐዳ ዕውር እባብ ነበረ፤ ምግቡም የጕንዳንና የምስጥ ዕጭ ነው። የምስጥን ጠላት በመግደላችን ራሳችንን እንደ ጐዳን በዚያን ጊዜ የሚነግረን አልነበረም።

እንግዲህ የተማሪ ቤት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ መምህሩን ቢጠይቀው፥ መምህሩ አስቀድሞ ለይቶ ሊያውቀው ይገባል። የምድር ትል አጥንት የለውም፤ ቆዳውም እርጥብና ለስላሳ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ደግሞ ከእንቍራሪት ወገን የሆነ፥ እግር የሌለው፥ ቆዳው እንደ ቀለበት የተሰነጣጠረ እርጥብ ፍጥረት በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ እርሱም ትል ይመስላል እንጂ አከርካሪ አለው። ዕውር እባብ ግን ደረቅና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱም በጀርባውና በሆዱ አንድ ዐይነት ነው፤ ዓይኑ ከቅርፊቱ በታች እንደ ጥቍር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ምላሱም እንደ እባብ ሁሉ ሹካ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መምህራን እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። በምድር ውስጥ የሚኖር እባብ ሁሉ የዋህ አይደለም። በአገራችን በተለይ በቈላው ክፍል አትራክታስፒስ የሚባል፥ ጥቍር ወይም ጠቈር ያለ፥ ራሱ ከአንገቱ የማይለይ፥ ምድር ቈፋሪ መርዘኛ እባብ አለ። ይህ እባብ አፉን ሳይከፍት መርዘኛውን ጥርስ በጐን አውጥቶ ይወጋል፤ ስለዚህም ሌላውን እባብ ለመያዝ የለመደ ሰው ከራሱ በስተ ኋላ አንቆ ቢይዘው እንኳ ከመወጋት አይድንም። የሆዱ ቅርፊት ሰፋፊ ነው፤ በዚህ ከዕውሩ እባብ ይለያል፤ ዳሩ ግን ልጅ ይህን ለመመርመር ጐንበስ ሲል ይወጋል። ስለዚህ ትእዛዙ አንድ ነው፤ አትግደሉት፥ በእጃችሁም አትንኩት፤ በረዥም እንጨት ወደ ጫካ ግፉት።

ከዚህ በኋላ የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «እግሩ ወዴት ሄደ?» የሚል ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ የታላላቅ ሊቃውንትን ዕድሜ የበላ ነውና በዚህ ጽሑፍ ጥቂት እናብራራዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከምድር በታች መኖር ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፍልፈልን መመልከት ይበቃል። ፍልፈል ዓይኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የዦሮው ቅጠል የለም ለማለት ይቻላል፤ እግሩ አጭር፥ አንገቱም ወፍራም ነው። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚሄድ አውሬ ወደ ውጭ የወጣ ነገር ሁሉ ያስቸግረዋል፤ አፈር ይገባበታል፥ ይቈስልበታል። ፍልፈል በጥርሱ ይቈፍራል። ቈፋሪ የሆኑ ተሳቢዎች ግን ብዙዎቹ በራሳቸው አፈሩን እየወጉ ይሄዳሉ፤ ስለዚህም የራስ ቅላቸው አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተውና ጠንክረው እንደ ማረሻ ብረት ሆነዋል። ገላቸውም ረዝሞ ቀጥኗል፤ ምክንያቱም ቀጭን ገላ የሚያልፍበት ጕድጓድ ጠባብ ስለ ሆነ ድካሙ ያንሳል። ይህ መልክ በአንድ ዘር ብቻ የተገኘ አይደለም። ከእንሽላሊት ወገን በልዩ ልዩ ቤተ ዘመድ ብዙ ጊዜ፥ በልዩ ልዩ አገር፥ እግር እያጠረ ገላ እየረዘመ ሄዷል። እንግዲህ ሁለት ፍጥረቶች ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ወንድማማች ናቸው ማለት አይቻልም፤ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ልብሳቸው እንደሚመሳሰል ያለ ነውና።

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማ ስሕተት አለ። «እግሩን ስላልሠራበት እግሩ ጠፋ» ይባላል። እንዲህ አይደለም። አባት እጁ ቢቈረጥ ልጁ እጀ ቍርጥ ሆኖ አይወለድም። ነገሩ የሚሆነው እንደዚህ ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች ሁሉ ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ አንዱ እግሩ በጥቂት ያጥራል፥ አንዱ በጥቂት ይረዝማል። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ በሚኖሩበት ስፍራ እግሩ ያጠረው በቀላሉ ምግቡን አግኝቶ፥ ከጠላቱም ተሰውሮ፥ ብዙ ልጆች ይተዋል፤ ልጆቹም መልኩን ይወርሳሉ። ገበሬ ከዐውድማው መልካሙን እሸት ለዘር ሲለይ ከብዙ ዓመት በኋላ የእህሉ ጠባይ እንደሚለወጥ ነው፤ ልዩነቱ፥ በዱር ያለውን የሚለየው የገበሬ እጅ ሳይሆን ኑሮው ራሱ መሆኑ ነው። ይህ ለውጥ በአንድ ትውልድ አይታይም፤ በመቶ ሺሕና በሚሊዮን ዓመታት ነው እንጂ። ስለዚህም አዝጋሚ ለውጥ ይባላል።

ይህ መሆኑን የሚመሰክረው ደንጊያ የሆነው ዐፅም ነው፤ ዛሬ በመጻሕፍት ቅሪተ አካል ይባላል። እንስሳ ሞቶ ጭቃ ወይም አሸዋ ፈጥኖ ከሸፈነው ሥጋው ይበሰብሳል፥ አጥንቱ ግን ይቀራል፤ በአፈሩ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ያሟሟውን ማዕድን ይዞ በአጥንቱ ቀዳዳ ሁሉ እየገባ ያጠነክረዋል፤ ጭቃውም በላዩ በሚከመረው ክብደት ተጨቍኖ ደንጊያ ይሆናል። የቈፋሪዎች ዐፅም ግን በብዛት አይገኝም። አጥንታቸው እንደ ስንደዶ የቀጠነ ነው፤ ሲሞቱም አከርካሪው ይበታተናል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንዲት የአከርካሪ አጥንት ብቻ ናት፤ ከእርስዋም እግር ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ መፍረድ ከአንድ ቅጠል የመጽሐፉን ሁሉ ነገር ለመናገር እንደ መሞከር ይቈጠራል።

ወደ እባብ እንመለስ። እባብ ጥንት እግር እንደ ነበረው ለማወቅ ደንጊያ ከመፈለግ በፊት ዘንዶን መመልከት ይቻላል። በዘንዶ ገላ፥ ጅራቱ ከሚጀምርበት ስፍራ አጠገብ፥ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ጥፍሮች አሉ፤ በወንዱ ላይ ይበልጥ ይጐላሉ። ቆዳው ሲገፈፍ ከጥፍሮቹ በስተ ውስጥ ትንሽ የጭን አጥንትና የዳሌ ፍርፋሪ ይገኛል። ዘንዶ የገደሉ አዳኞች ይህን ያውቃሉ። እንግዲህ እግር እንደ ነበረ የሚከራከር የለም፤ ክርክሩ የጠፋው በየት ስፍራ ሲኖር ነው የሚል ነው። አንደኛው ወገን በባሕር ውስጥ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ከምድር በታች ይላል።

የባሕሩን ነገር አስቀድሞ የጀመረው ኤድዋርድ ኮፕ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ነው። እርሱም በ1869 ዓ.ም. ሞሳሳውር የተባሉትን በጥንት ባሕር የኖሩ ታላላቅ ተሳቢዎች መንጋጋ ከእባብ መንጋጋ ጋራ አስተያይቶ ዘመድ ናቸው አለ። ከምድር በታች ለሚለው ወገን ትልቁን ማስረጃ የሰጠው ግን ዓይን ነው። በ1942 ዓ.ም. ጎርደን ዎልስ የሚባል አሜሪካዊ ስለ እንስሳት ዓይን በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ነገር አስተዋለ። እንሽላሊት ሩቅና ቅርብ ለማየት በዓይኑ ውስጥ ያለውን ሌንስ በጡንቻ እየጨመቀ ቅርጹን ይለውጣል፤ እባብ ግን ሌንሱን እንዳለ ወደ ፊት ያስጠጋዋል። በእንሽላሊት ዓይን ዙሪያ ያለው የአጥንት ቀለበት በእባብ የለም። የዓይኑም ቆብ አይከደንም፤ ተያይዞ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ቅርፊት ሆኗል። የውጭ ዦሮም የለውም። ዎልስ እንዳለው፥ ይህ ዓይን አንድ ጊዜ በጨለማ ኑሮ ደክሞ ሊጠፋ ደርሶ፥ ኋላ ወደ ብርሃን ሲወጣ በቀረው ዕቃ እንደ ገና የተሠራ ነው። የፈረሰ ቤት ባለቤቱ ሲመለስ በተገኘው እንጨት እንደሚጠገን ማለት ነው። ይህ አሳብ እጅግ የሚያረካ አሳብ ነው፤ ነገር ግን አሳብ የሚያረካ ስለ ሆነ ብቻ እውነት አይሆንምና ዐፅም ያስፈልግ ነበር።

ዐፅሙ ከዚያ በፊት ተገኝቶ ነበር። በ1901 ዓ.ም. አርተር ስሚዝ ውድዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ፥ በደቡብ አሜሪካ ከአርጀንቲና ከፓታጎንያ ምድር የወጣ የእባብ ዐፅም መርምሮ ዲኒሊስያ ብሎ ሰየመው። ዕድሜው 85 ሚሊዮን ዓመት ያህል፥ ርዝመቱም 2 ሜትር የሚያህል ነው። ይህ ዐፅም ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረመር ቈይቶ፥ በ2015 ዓ.ም. ሆንግዩ ዪ እና ማርክ ኖረል የተባሉ ተመራማሪዎች የራስ ቅሉን ሳይሰብሩ በራጅ መሣሪያ የውስጠኛውን ዦሮ ቅርጽ አወጡ። በዦሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠበቅበትና የምድር መናወጥ የሚሰማበት ባዶ ስፍራ አለ። ዛሬ ከምድር በታች በሚኖሩ እባቦች ይህ ስፍራ ሰፊና እንደ ኳስ ክብ ነው፤ በባሕር በሚኖሩት ግን ትንሽ ነው። የዲኒሊስያም ሰፊና ክብ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ቈፋሪ ነበረ ብለው ጻፉ። በ2017 ዓ.ም. ግን ሌሎች ብዙ እንሽላሊቶችንና እባቦችን ጨምረው ቢለኩ፥ እንዲህ ያለ ዦሮ በከፊል ብቻ በሚቈፍሩትም እንደሚገኝ አሳዩ። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን አያፈርሰውም፤ የፍርዱን ድምፅ ግን ዝቅ ያደርገዋል።

የባሕሩ ወገንም ባዶ እጁን አልቀረም። ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን በራመላ አጠገብ ዓይን ያብሩድ በሚባል ስፍራ፥ በጥንት ባሕር ወለል ከተፈጠረ የኖራ ደንጊያ ውስጥ እባብ የሚመስል ዐፅም ወጥቶ፥ በ1979 ዓ.ም. ጌዎርግ ሃስ ፓኪራኪስ ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ማይክል ካልድዌልና ማይክል ሊ እንደ ገና መርምረው ይህ የኋላ እግር ያለው እባብ ነው አሉ። የጎድን አጥንቱ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ይህም በውኃ ውስጥ ለመጥለቅ የሚረዳ ነው። ከሊባኖስም ኤውፖዶፊስ የተባለ ሌላ ባለ እግር የባሕር እባብ በ2000 ዓ.ም. ተገለጠ፤ እግሩ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የእነዚህ ሁሉ ዕድሜ ከ95 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አይርቅም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩ አለቀ፥ እባብ ከባሕር ወጣ ብሎ ነበር።

አላለቀም። በ2006 ዓ.ም. ሰባስትያን አፔስቴጊያና ሁሳም ዛሄር ከአርጀንቲና ከሪዮ ኔግሮ አውራጃ፥ በየብስ ከተከማቸ የአሸዋ ደንጊያ ውስጥ፥ 95 ሚሊዮን ዓመት የሚያህል ዕድሜ ያለው እባብ ገለጡ። የዚህ እባብ እግር እንደ ባሕሮቹ ትንሽ ብቻ አይደለም፤ ዳሌው ከአከርካሪው ጋራ ተያይዞ፥ እግሩም ከጎድን አጥንቱ ውጭ ወጥቶ የሚሠራ እግር ነበረ። ባሕር በሌለበት ምድር የሚገኝ፥ በእግሩም ነገር ከባሕሮቹ ይበልጥ የጥንቱን መልክ የያዘ ስለ ሆነ፥ እባብ በየብስ ተጀመረ የሚለው ወገን በረታ።

ስሙንም ናጃሽ አሉት። ይህ ቃል በዕብራይስጥ እባብን የሚጠራበት ስም ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት በ3ኛው ምዕራፍ ስለ ተነገረው እባብ የተጻፈው ይህ ስም ነው። በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎቻችን ይህን ነገር ሲሰሙ በደረቱ እንዲሄድ ስለ ተፈረደበት እባብ እንደሚያነሡ የታወቀ ነው፤ መምህሩም መልስ ያጣል። እኔም ዳዊትና ቅኔ የተማርሁ ሰው ነኝና ጥያቄውን አልንቀውም። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ ፈቃድና ስለ መርገም ይናገራል፤ የዐፅም ሊቅ ግን ስለ ዳሌና ስለ ጭን አጥንት ይናገራል። ዐፅሙን ለመጽሐፉ ትርጓሜ ማድረግም፥ መጽሐፉን ለዐፅሙ መለኪያ ማድረግም ሁለቱንም ማበላሸት ነው፤ በተማሪ ቤት እያንዳንዱ በሰዓቱ ይሰጥ። ለቋንቋ ወዳጆች ግን አንድ ነገር ላስታውስ፤ ግእዛችን እባብን አርዌ ምድር ይለዋል፥ የምድር አውሬ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ስለ ባሕሩ ክርክር ሳይሰሙ ስሙን እንዴት እንደ ለዩት ያስደንቃል።

ከዚያ ወዲህ በዚያው ስፍራ የናጃሽ የራስ ቅሎች ተገኙ፤ ፈርናንዶ ጋርቤሮሊዮና ጓደኞቹም በ2019 ዓ.ም. ጻፉባቸው። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ገና ተለወጠ። የመጀመሪያው እባብ ከምድር በታች የኖረ ከሆነ፥ እንደ ዛሬው ዕውር እባብ ቀጭን፥ አፈ ጠባብ፥ ራሱ የጠነከረ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ናጃሽ ግን ሰፊ አፍና ትልቅ ገላ ነበረው፤ ዛሬ በእባቦች የጠፋው የጕንጭ አጥንትም በራሱ ላይ ይታያል። እንግዲህ ዕውር እባብ የእባቦች ሁሉ አባት መልክ ነው ማለት አይቻልም። እግር ያለው፥ በየብስ የሚኖር፥ ምናልባትም በለሰለሰ አፈርና በቅጠል ሥር የሚሸሸግ፥ ነገር ግን ጨርሶ ዕውር ቈፋሪ ያልሆነ እባብ በመካከል ቆሟል። እኔ ሁለቱን ወገን ስመዝን፥ ከባሕር መጣ የሚለው ሚዛን የቀለለ ይመስለኛል፤ ጨርሶ ከምድር በታች መጣ የሚለው ግን ገና ያልተፈረደለት ነው።

በዚህ ነገር መካከል አንድ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። በ2015 ዓ.ም. ከብራዚል ክራቶ ከሚባለው የድንጋይ ንብር የወጣ፥ 20 ሳንቲ ሜትር የሚያህል፥ አራት ትናንሽ እግሮች ያሉት ዐፅም ተገለጠና ቴትራፖዶፊስ፥ አራት እግር ያለው እባብ ተባለ። ቈፋሪ ነበረ ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተነገረ። ዐፅሙ ግን የአንድ ግለ ሰብ ንብረት ሆኖ በጀርመን አገር በአንድ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ነበር እንጂ በብራዚል አልነበረም። ብራዚል ግን ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ደንጊያ የሆነ ዐፅም የመንግሥት ሀብት መሆኑን የሚደነግግ ሕግ አላት። ከየትኛው ጕድጓድ፥ በማን እጅ፥ መቼ እንደ ወጣ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ለሊቃውንቱም ለብራዚል ሰዎችም የክርክር ምክንያት ሆነ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ካልድዌልና ጓደኞቹ ዐፅሙን በውሉ መርምረው፥ ይህ እባብ አይደለም፥ ዶሊኮሳውር የሚባል በውኃ የሚኖር ረዥም እንሽላሊት ነው ብለው ጻፉ። አንድ ዐፅም የወጣበት ስፍራ ካልታወቀ ግማሹ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ስለዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

እግር እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ ከዐፅም ውጭ ሌላ ምስክር ተገኝቷል። በእንስሳ ሁሉ ገላ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፥ አራት ዐይነት ፊደል ብቻ ያለው ጽሑፍ የሚመስል ነገር አለ፤ ዘረ መል ይባላል። ከዚህ ጽሑፍ አንዱ ክፍል በፅንሱ ውስጥ እግር እንዲያድግ የሚያዝዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ክፍል ከዘንዶ ወስደው በአይጥ ጽሑፍ ውስጥ በአይጡ ፋንታ ተኩት፤ የተወለዱትም አይጦች እግራቸው ጉቶ ብቻ ሆነ። ከዚያም የዘንዶው ጽሑፍ ከሌሎች እንስሳት ጋራ ሲተያይ 17 ፊደላት ተገድፈው ተገኙ፤ እነዚያን መልሰው ቢጽፉ አይጦቹ ሙሉ እግር ይዘው ተወለዱ። ጸሓፊ ሲደክመው ጥቂት ፊደል ቢገድፍ የቃሉ ትርጓሜ እንደሚጠፋ፥ ብራና የጻፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ግድፈቱ የመጣው እግሩ ካጠረ በኋላ ነው ወይስ በፊት የሚለው በዚህ ብቻ አይፈታም።

ከእባብ ሌላ ጨርሶ ከምድር በታች የሚኖሩ ተሳቢዎች አሉ፤ እነርሱም በግሪክ ቃል አምፊስቤና ይባላሉ፥ በሁለት በኩል የሚሄድ ማለት ነው። ግሪኮችም እንደኛ ሽማግሌ ሁለት ራስ አለው ብለው ነበር። ወገናቸው 200 ያህል ነው። ቅርፊታቸው በገላቸው ዙሪያ እንደ ቀለበት ተደርድሯል። ከእነርሱ ብዙዎቹ እግር የላቸውም፤ በሜክሲኮ የሚገኘው ቢፔስ ግን ሁለት ጠንካራ የፊት እግሮች ብቻ አሉት፤ የኋላው ጠፍቷል። እባብ አስቀድሞ የፊቱን አጥቶ የኋላውን እንዳቈየ፥ ይህ ተቃራኒውን አደረገ። በጎረቤታችን በሶማሌ ምድር አጋሞዶን የሚባል አለ፤ ራሱን ግራና ቀኝ እያዞረ አፈሩን እንደ መሰርሰሪያ ይበሳል።

የእነዚህ ዘመድ ማን ነው የሚለው ለብዙ ጊዜ አልታወቀም። በ1993 ዓ.ም. ከውስጠኛው ሞንጎልያ የወጣ አንድ ዐፅም የመጀመሪያው አምፊስቤና ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ብዙ ሊቃውንት በቈፋሪነት ብቻ የመሰለ ሌላ እንሽላሊት ነው አሉ። ከላይ መመሳሰል ዝምድና አይደለም ያልነው ይህን ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር ሜሰል በሚባል ስፍራ የወጣ፥ 47 ሚሊዮን ዓመት የሆነው፥ 7 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ክሪፕቶላሰርታ የተባለ ትንሽ እንሽላሊት ተገለጠ። ራሱ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ትናንሽ አራት እግሮች አሉት። የገለጡትም ሊቃውንት አምፊስቤናን ከተራ እንሽላሊቶች ጋራ የሚያያይዝ ነው አሉ፤ የዘረ መል ምርመራም አስቀድሞ ይህንኑ ዝምድና ተናግሮ ነበር። በዚህ መሠረት ከሆነ፥ አምፊስቤና አስቀድሞ ራሱን አጠነከረ፥ እግሩን ያጣው በኋላ ነው ማለት ነው።

እግር የሌለው፥ ከአፈር የማይወጣ ይህ ፍጥረት በአፍሪካም፥ በኤውሮፓም፥ በአሜሪካም መገኘቱ ሊያስገርም ይገባል። ውቅያኖስን በምን ተሻገረ? ጥንት አህጉሮቹ አንድ ምድር በነበሩ ጊዜ ተከፍሎ ቀረ እንዳይባል፥ የዐፅሙና የዘረ መሉ ቍጥር አህጉሮቹ ከተለያዩ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ መሻገሩን ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. ኒኮላስ ሎንግሪችና ጓደኞቹ እንደ ጻፉት፥ ጐርፍ ዛፍን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅሎ ወደ ባሕር ሲወስደው፥ በአፈሩ ውስጥ ያለው ቈፋሪ አብሮ ተጓዘ። ከአፍሪካ ወደ ደቡብ አሜሪካ የተሻገረውም እንዲሁ ነው። አባይ በክረምት ከነሥሩ የነቀለውን ዛፍ ሲያንከባልል ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ስለ ጕድጓዱ ራሱም አንድ ቃል እንናገር። ጕድጓድ በጭቃ ተሞልቶ ደንጊያ ሲሆን ቅርጹ ይቀራል። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በሚባለው ምድረ በዳ፥ 255 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናቸው፥ እንደ ደረጃ እየተጠመዘዙ የሚወርዱ ጕድጓዶች ተገኝተዋል፤ ሮጀር ስሚዝ በ1987 ዓ.ም. ጻፈባቸው። በአንዳንዶቹም ውስጥ ዲክቶዶን የሚባል እንስሳ ዐፅም ተጠቅልሎ ተኝቷል። ይህ እንስሳ ቀድሞ ከተሳቢዎች ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ለአጥቢዎች ወገን እንደሚቀርብ ታውቋል። ዳሩ ግን በጕድጓድ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ቈፋሪው አይደለም። በዚያው አገር 250 ሚሊዮን ዓመት በሆነው በአንድ ጕድጓድ ውስጥ የባለቤቱ የትሪናክሶዶን ዐፅም ከአንድ የጎድን አጥንቱ ከተሰበረ እንቍራሪት መሳይ እንስሳ ጋራ ጎን ለጎን ተኝቶ በ2013 ዓ.ም. በራጅ ታየ። የቈሰለው መጠጊያ ፈልጎ ገባ፤ ጐርፍም ሁለቱን አንድ ላይ ቀበራቸው። ሁለተኛው ብቻ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ የጕድጓዱ ባለቤት ተብሎ በመጽሐፍ ይጻፍ ነበር።

አሁን ወደ ገጠር ትምህርት ቤታችን እንመለስ። አገራችን ደንጊያ የሆነ ዐፅም የሞላባት አገር ናት። ገበሬው ሲያርስ፥ እረኛውም በገደል ሲሄድ፥ ከተራ ደንጊያ የከበደ፥ ውስጡ እንደ አጥንት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ያገኛል። ልጆች ይህን ለማሳየት ወደ ተማሪ ቤት ሲያመጡት መምህሩ ደስ ይለዋል፥ በመስኮት ላይም ያስቀምጠዋል፤ ከዓመት በኋላም ከየት እንደ መጣ የሚያስታውስ አይገኝም። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ቅርጫት ሙሉ ደንጊያ አይቼ ስጠይቅ፥ የተመለሰልኝ «ከወንዝ ማዶ» የሚል ብቻ ነው፤ ወንዙም ሦስት ነበረ።

ስለዚህ ያገኘው ልጅ ከስፍራው አያንሣው፤ ሮጦ መምህሩን ይጥራ። መምህሩም ስፍራውን በዓይኑ አይቶ፥ ለቀበሌው ሹማምንትና ለቅርስ ሥራ ለተሾሙት ያስታውቅ። ጐርፍ የሚወስደው ሆኖ ማንሣት ግድ ቢሆን ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ቀኑ፥ ያገኘው ሰው ስም፥ የገደሉ ወይም የማሳው ስም፥ ከታወቀ ዛፍ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ስንት እርምጃ እንደሚርቅና በየትኛው አቅጣጫ እንደ ሆነ፥ በነጩ ንብር ውስጥ ወይስ በቀዩ እንደ ተገኘ፥ አጠገቡም ሌላ ምን እንደ ነበረ። በውኃ አይታጠብ፥ በቢላዋም አይፋቅ። በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጥ፤ ወረቀቱም በላዩ ይታሰር።